ሠላሳ ስድስት ወራሪዎች

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በዱርንፎንቴን ነው። ጄፒ ላይ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ለንግድ ከመጣለት ዕቃ መካከል አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ መሣሪያ መርጦ ለልጁ ይዞለት ገብቶ ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የምትገጠም፣ ሁለት እጀታና አንድ ቢጫ ካሴት ያላት፣ በካሴቷም ላይ «9999 በ1» ተብሎ የተጻፈባት ነበረች። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ይህችን ዕቃ ለማወቅ ማብራሪያ አያሻውም። ወዳጄ ከዝርዝሩ ውስጥ ጋላክሲያንን መረጠና በልጅነቱ ጎረቤት ቤት ተራ ጠብቆ ይጫወተው የነበረውን የተኩስ ጨዋታ ለልጁ ያሳየው ጀመር። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጥቂት ተመለከተና ስልኩን አወጣ፤ ከደቂቃ በኋላም የዚያኑ ጨዋታ የ1979 የሳንቲም ማሽን ቅጂ አግኝቶ ለአባቱ ዘረጋለት። «አባዬ፣ ያ እኮ የውሸቱ ነው። ዋናው ይኼ ነው» አለ። አባት መልስ አልሰጠም። እጀታውን አስቀመጠና ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዝምታ ነው። ልጁ አልዋሸም፤ በስልኩ ያሳየው በእርግጥም የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን «የመጀመሪያው» እና «እውነተኛው» አንድ ናቸው የሚለው ግምት ስሕተት ይመስለኛል። ክርክሬ ይህ ነው፦ ከሳንቲም ማሽን ወደ ቤት የተሻገረ ጨዋታ የዋናው ደካማ ጥላ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ከትልቅ ወደ ትንሽ ዕቃ ሲያሸጋግር «ምን ይቅር? ምንስ ፈጽሞ አይቅር?» ብሎ የወሰነበት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለእኛ ደግሞ፣ ዋናውን ፈጽሞ ላላየን፣ ያ ውሳኔ ታሪካችን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ እንጀምር። በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትንም መሣሪያ ራሱ ነበር የነደፈው፤ ልቡ ኢንቴል 8080 የተባለው ፕሮሰሰር ነበር። በአምስት ረድፍና በአሥራ አንድ ዓምድ የተሰለፉ 55 ወራሪዎች ከሰማይ ወደ ጎን እየተራመዱ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ ከአራት ምሽጎች ጀርባ ሆኖ ይተኩሳል። ወራሪዎቹ ባነሱ ቁጥር ርምጃቸው ይፈጥናል፤ የመጨረሻው ብቻውን ሲቀር እንደ እብድ ይሮጣል። ይህ ፍጥነት የታቀደ አልነበረም። ማሽኑ በእያንዳንዱ የስክሪን ዑደት ማንቀሳቀስ የሚችለው አንድ ወራሪ ብቻ በመሆኑ፣ 55ቱን ሁሉ አንድ ርምጃ ለማራመድ 55 ዑደት ይፈጅበታል፤ አሥር ሲቀሩ አሥር ብቻ። ኒሺካዶ ይህን የአቅም ማነስ አልደበቀውም። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው እርሱ መሆኑን ተገንዝቦ ተወው። ስለዚህ «ዋናው» የምንለው ራሱ ከጉድለት ጋር የተደረገ ስምምነት ነው።

በ1980 ይኸው ጨዋታ አታሪ ቪሲኤስ ወደተባለው የቤት ኮንሶል ተሻገረ። በፈቃድ ከሳንቲም ማሽን ወደ ቤት የገባ የመጀመሪያው ጨዋታ እንደሆነ ይነገርለታል። ሥራውን የሠራው ፕሮግራመር ሪክ ማውረር ይባላል። እጁ ላይ የነበረው መሣሪያ ጠቅላላ የሥራ ማስታወሻው 128 ባይት ነበር፤ አንባቢው አሁን ያነበበው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በዚያ ውስጥ አይገባም። ማሽኑ አንድን ስክሪን በሙሉ መያዝ ስለማይችል ፕሮግራመሩ ሥዕሉን መስመር በመስመር፣ የቴሌቪዥኑን የብርሃን ጨረር እየተከተለ መሣል ነበረበት። የሚሰጠውም ሁለት ተንቀሳቃሽ የተጫዋች ምስል ብቻ ነው፤ አንዱ ምስል ግን በአንድ መስመር ላይ እስከ ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ሁለት ምስል፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ይሆናል። የአታሪው ቅጂ ስድስት ዓምድ ወራሪዎች ብቻ የኖሩት ለዚህ ነው፤ በስድስት ረድፍ ተሰልፈው 36። ምሽጎቹም ከአራት ወደ ሦስት ወረዱ።

በቁጥር ብቻ ከመዘንነው ከ55 ወራሪዎች 19ኙ በጉዞ ላይ ጠፍተዋል። ማውረር ያስቀረውን ግን እንመልከት። ርምጃው አለ፤ ከልብ ምት የማይለየው ወፍራም ድምፅ አለ፤ ከሁሉም በላይ ወራሪዎቹ ባነሱ ቁጥር የሚፈጥኑበት ሕግ አለ። በአታሪው ማሽን ላይ ይህ ሕግ እንደ ኒሺካዶው ማሽን ከአቅም ማነስ በራሱ አይመጣም፤ ሥዕሉ በየዑደቱ እንደ አዲስ ስለሚሣል፣ ፍጥነቱ ሆን ተብሎ ካልተጻፈ አይኖርም። ማውረር ጻፈው። በመጀመሪያው ማሽን አጋጣሚ የነበረው በሁለተኛው ሕግ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የማንበብ ችሎታ ምን አለ? አንድ ሰው የሌላውን ሥራ ተመልክቶ፣ ከሚታየው ሁሉ መካከል ሕይወቱ የቱ ላይ እንዳለ ለየና እርሱን ይዞ ተሻገረ። በተጨማሪም 112 የጨዋታ ዓይነቶች ጨመረበት፤ ወራሪዎቹ የማይታዩበት፣ ምሽጎቹ የሚንቀሳቀሱበት፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወትበት። በሳንቲም ማሽን ላይ ሁለት ተጫዋቾች ተራ ይጠባበቁ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ግን ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ካሴቱ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ ብዙዎችም ኮንሶሉን የገዙት እርሱን ለመጫወት ብለው ነበር።

ይህን ስል እያንዳንዱ የቤት ቅጂ ይመስገን ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። በ1982 በዚያው በአታሪ ማሽን ላይ የወጣው ፓክማን ለዚህ በቂ ምስክር ነው። የተኩስ ጨዋታ ባይሆንም ጥያቄው አንድ ነው። የመንገዱ ቅርጽ ሌላ ሆነ፤ ድምፁ ሌላ ሆነ፤ አራቱ አሳዳጆች በተራ ብልጭ ድርግም እያሉ የሚሣሉ በመሆናቸው ተጫዋቹ የትኛው የት እንዳለ ለማየት ይቸገር ነበር። የፓክማን ሕይወት ደግሞ እያንዳንዱን አሳዳጅ በዓይን ለይቶ ማምለጥ ነው። በብዛት ተሸጠ፤ ነገር ግን የገዢውን እምነት አጎደለ፤ በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ሲወድቅም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ሁለቱ ቅጂዎች የተሠሩት ለአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት እጥረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅጂን ቅጂ የሚያደርገው የጎደለው ብዛት አይደለም፤ የቀረው ምንነት ነው።

አሁን ወዳጄ ወደከፈተው ወደ ጋላክሲያን እንመለስ። ናምኮ በ1979 ያወጣው ይህ ጨዋታ የስፔስ ኢንቬደርስ ልጅ ነው፤ ወራሪዎቹ በቀለም አጊጠዋል፤ ከሰልፋቸውም እየተነጠሉ ወደ ተጫዋቹ ይወረወራሉ። በ1984 ናምኮ ራሱ፣ ኒንቴንዶ ከአንድ ዓመት በፊት ወዳወጣው ፋሚኮም ኮንሶል አሻገረው። እዚህ ላይ የተኩስ ጨዋታዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ችግር ነበር። የሳንቲም ማሽኑ ስክሪን እንደ በር የቆመ ነው፤ የቤት ቴሌቪዥን እንደ መስኮት የተጋደመ። ከላይ ወደ ታች ለሚወርድ ጠላት ይህ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ቁመቱ ሲያጥር ተጫዋቹ የሚያስብባት ቅጽበት ታጥራለች፤ ስለዚህ ርቀትና ፍጥነት እንደገና መመዘን አለበት። በተጨማሪም ፋሚኮም በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ማሳየት አይችልም፤ ካለፈ ትርፉ ይጠፋል። የልጅነታችን ጨዋታዎች በጦፈ ውጊያ መካከል ድንገት ብልጭ ድርግም ይሉ የነበረው ቴሌቪዥናችን አርጅቶ አልነበረም። ነገር ግን የጋላክሲያን ሕግ አልጠፋም፦ የተኮስከው ጥይት ዒላማውን ሳይመታ ወይም ከስክሪኑ ሳይወጣ ሌላ መተኮስ አትችልም። የሳተ ሰው የሳተበትን ዋጋ በመጠበቅ ይከፍላል። ወዳጄ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ እጀታውን ሲይዝ ጣቱ ያስታወሰው ይህንን ነው።

የቤት ቅጂ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ይልቅ ሩኅሩኅ ነው። ኮናሚ በ1985 ያወጣውን ግራዲየስ በ1986 ወደ ፋሚኮም ካሻገሩት መካከል ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ይገኝበታል። ሥራውን ለመፈተን መጫወት ነበረበት፤ ጨዋታው ግን በረታበት። ስለዚህ አንድ ምስጢራዊ የቁልፍ ቅደም ተከተል ጻፈ፦ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ከዚያም ሁለቱ ቁልፎች። ይህን የነካ መርከብ ሙሉ መሣሪያ ይታጠቃል። ቅደም ተከተሉ ሳይሰረዝ ወጣ፤ በኋላም ኮንትራ በተባለው ጨዋታ ሠላሳ ሕይወት የሚሰጥ ሆኖ ዓለምን ዞረ። የሳንቲም ማሽን ተጫዋቹን ቶሎ መግደል አለበት፤ ገቢው ከሞቱ ነውና። ሳሎን ውስጥ ሳንቲም የለም። እዚያ ለደከመ ሰው በር የሚከፍት ጨዋታ መኖር ይችላል፤ የቤት ቅጂ ያንን በር ከፈተ።

ይህ የሳንቲም ጉዳይ በእኛ አገር ያልተጠበቀ መንገድ ይዞ ሄደ። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1964 ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ያን ሁሉ ሀብት ይዛ በአፓርታይድ መንግሥት እምቢታ እስከ 1976 ድረስ ዘገየች። ነገር ግን ቀድሞ ቴሌቪዥን ማግኘት ቀድሞ መጫወት ማለት አልነበረም። ኒሺካዶ ጨዋታውን ባወጣበት በ1978 አዲስ አበባ ገና ከቀይ ሽብር ጥላ አልወጣችም። ጆሃንስበርግም ሶዌቶ ከተነሣች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ደቡብ አፍሪካ በኋላ የሳንቲም ማሽኖች በየሠፈሩ ጥግ ካፌዎች ገቡ። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ለቤት የተሠራው ኮንሶል ራሱ የሳንቲም ማሽን ሆነ። በአዲስ አበባ መንደሮች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚከፈል ጥቂት ብር፤ ይኸው ፕሌስቴሽን ቤት። ከአዳራሽ ወጥቶ ሳሎን የገባው ጨዋታ ከሳሎን ወጥቶ እንደገና አዳራሽ ገባ። ዋናው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይህን ጉዞ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ወደ እኛ የመጣው ቅጂ ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነበር። በ1990ዎቹ ፈቃድ የሌላቸው የፋሚኮም ኩረጃዎች ዓለምን አጥለቀለቁ፤ ደቡብ አፍሪካውያን ጎልደን ቻይና የሚለውን ስያሜ እስከ ዛሬ በፈገግታ ያነሡታል። «9999 በ1» የሚለው ካሴት ሲቆጠር ጥቂት ደርዘን ጨዋታዎች እየተደጋገሙ ነው። ጋላክሲያን በየካሴቱ የሚገኝበት ምክንያት ጥሩነቱ ብቻ አይደለም፤ ትንሽነቱም ነው። የመጀመሪያዎቹ የፋሚኮም ጨዋታዎች በጥቂት ኪሎባይት የተጻፉ በመሆናቸው ብዙዎቹ በአንድ ካሴት ይታጨቃሉ። ነገር ግን በእነዚህ ካሴቶች ላይ የአንድ ነገር ቦታ ባዶ ነበር፦ የስም። ኮራጆቹ ከመክፈቻው ገጽ ላይ የኩባንያውንና የዓመቱን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይፍቁት ነበር። ከእነርሱ በፊትም ኩባንያዎቹ የሠሪዎቹን ስም አይጽፉም ነበር፤ በ1979 ከአታሪ የወጡ ፕሮግራመሮች አክቲቪዥንን ሲመሠርቱ ከብሶታቸው አንዱ ይህ ነበር። በጃፓንም ሠራተኞች እንዳይነጠቁ በቅጽል ስም መጻፍ የተለመደ ነበር። ሥራው በሦስት እጅ ስሙን አጣ፦ በአሠሪው፣ በኮራጁ፣ በመጨረሻም ጠይቀን በማናውቀው በእኛ። የወዳጄ ዝምታ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ልጁ «የውሸቱ ነው» ሲለው የሚመልስበት ስም አልነበረውም።

ተቃውሞ ሊነሣብኝ ይችላል፤ ጠንካራም ነው። ዛሬ አሮጌውን ማሽን በሶፍትዌር አስመስሎ የሚያንቀሳቅስ ኢሙሌተር በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ይገኛል። 55ቱም ወራሪዎች በስልክ ላይ እየተራመዱ በ36ቱ መጽናናት ለምን? የተጎዳን መሆናችንን ለመሸፈን ድህነታችንን ማስዋብ አይሆንብንም? በከፊል እውነት አለው። ኢሙሌተር ባይኖር የኒሺካዶን ሥራ እንደ ነበረ ማየት ባልቻልን ነበር፤ ልጁን ከስልኩ ልለየው አልፈልግም። ነገር ግን ኢሙሌተር የሚያስቀምጠው ዕቃውን እንጂ ውሳኔውን አይደለም። ሁሉንም ነገር ሳይመርጥ የሚሸከም ዕቃ ምን እንደሚበልጥ አይነግርህም። ያንን የሚነግርህ ሸክሙን መቀነስ የነበረበት ሰው ነው። 55ቱን ብቻ ያየ ሰው የጨዋታው ሕይወት ወራሪዎቹ ብዛት ላይ ይሁን ፍጥነታቸው ላይ መለየት አይችልም። 36ቱንም ያየ ይለያል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲነድፉ የገጠማቸው ችግር የማውረር ችግር ነበር፤ ከ200 በላይ ፊደላትን በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ ማሻገር። የሆሄውን አካልና የድምፁን ምልክት ለያይተው በየቁልፉ አስቀመጡና በወረቀቱ ላይ አገናኟቸው። የብራና ጸሐፊ ዓይን ላለው ሰው ውጤቱ አያምርም፤ ቅጥያው ከአካሉ ራቅ ያለበት፣ እግሩ የተንጠለጠለበት ፊደል ሞልቷል። ነገር ግን ካዕቡ ካዕብ፣ ሣልሱ ሣልስ ሆኖ ይነበባል። የፊደሉ ሕግ ተሻግሯል። በጽሕፈት መኪና የተጻፈን ደብዳቤ «የውሸት አማርኛ» ያለው ሰው የለም።

ዱርንፎንቴን ይህን ለማሰብ የሚመች ሠፈር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የወርቅ ባለሀብቶች ትተውት ሲሄዱ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ገቡበት፤ እነርሱም በተራቸው ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ምኵራባቸውን ትተው ሄዱ። ዛሬ በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ዙሪያ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ከየአገሩ የመጣው ስደተኛም ይኖርበታል። ወደዚህ የገባ ሁሉ ከሰፊ ቤት ወደ ጠባብ ክፍል የተሻገረ ነው፤ ሁሉም 55ቱን ይዞ መግባት አልቻለም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ እንጀራው ጤፍ ሲጠፋ በሌላ ዱቄት ይጋገራል፤ የልጆቹ አማርኛ ከትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛና ከሠፈሩ ዙሉ ጋር ይደባለቃል። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ይህን አይቶ «የውሸት» ማለት ይቀናዋል። እኔ ግን መጀመሪያ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ፦ የቀረው ምንድን ነው? ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል? ጎረቤት ይጠራል? ልጁ ለአባቱ ሲናገር «አባዬ» ይላል? ሕጉ ካለ ተሻግሯል። ሕጉ ከሌለ ግን፣ እንደ ፓክማኑ፣ ስሙ ብቻ መጥቷል፤ ይህንንም ያለ ማባበል መናገር አለብን።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው ትንሽ ነው፦ ጥቋቁሮቹን የጨዋታ መሣሪያዎች አትጣሏቸው። በአፍሪካ ከተሞች የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ሲጻፍ ምንጩ የቶኪዮ የሳንቲም ማሽን ብቻ አይሆንም፤ መርካቶና ጄፒ የተሸጠው ቢጫ ካሴት፣ በውስጡ የነበሩት ጨዋታዎች፣ የተፋቁት ስሞች፣ የተከፈለባቸው ሳንቲም፣ ተራ የተጠበቀበት ቤት ጭምር ነው። ይህንን ካልመዘገብነው ማንም አይመዘግብልንም። ሁለተኛው ለአባቶችና ለእናቶች ነው፦ ለልጆቻችሁ ዋናውንም ቅጂውንም ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ የጎደለውንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ የቀረውን እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው።

ወዳጄ ዘንድ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ለልጁ የኒሺካዶን 55 በስልኩ፣ የማውረርን 36 ደግሞ በቪዲዮ አሳየሁትና የሁለቱን ሰዎች ስም ነገርኩት። ስድስቱ ዓምዶች ከየት እንደመጡ በወረቀት ላይ ሣልኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «ሁለት ጊዜ ሦስት» አለ። ከዚያም ጥቁሯን መሣሪያ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር ገጠማት፤ አንዱን እጀታ ለራሱ ያዘ፤ ሌላውን ለአባቱ አቀበለ።